በሚወርደው ደረጃ ስወጣ

የእህቴ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ናት። በማግስቱ የፊዚክስ ፈተና ነበረባት።

"ጋሼ፣ የስፒድና የቬሎሲቲ ልዩነት ምንድነው?" አለችኝ።

አላውቅም ማለት ነበረብኝ። ግን አጎት ነኝ። አጎት አላውቅም አይልም።

"ያው ናቸው" አልኳት። "ቬሎሲቲ የስፒድ የቁልምጫ ስሙ ነው።"

በእኔ አይፈረድም። በዕለት ተዕለት ወሬያችን ለሁለቱም ያለን ቃል አንድ ነው፤ ፍጥነት። መኪናም ይፈጥናል፣ ሰውም ይፈጥናል፣ ወዴት ብሎ የሚጠይቅ የለም። እሷ ግን ደብተሯን ገለጠችና "መምህራችን ግን ቬሎሲቲ አቅጣጫ አለው ብሎናል። ስፒድ 'በምን ያህል' ብቻ ነው። ቬሎሲቲ 'በምን ያህል፣ ወዴት' ነው" አለች።

"እሱማ ግልጽ ነው። ልፈትንሽ ብዬ ነው።"

ይህን የምናወራው አንድ ትልቅ ሕንጻ ውስጥ፣ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው። የካልኩሌተሯ ባትሪ አልቆ ልንገዛ መጥተናል። እሷ የት እንደሚሸጥ ልትጠይቅ ዞር አለች። እኔ ማስረዳቱን አላቆምኩም። እጄን እያወናጨፍኩ ስለ ቬክተር (መጠንም አቅጣጫም ስላለው ነገር) ስተነትን፣ ወደ ኋላዬ ሁለት እርምጃ ሄድኩ። ቀና ስል ልጅቷ ወደ ላይ እየራቀች ነው። ለካ እየወረድኩ ያለሁት እኔ ነኝ። ኤስካሌተር ላይ ወጥቻለሁ፣ ያውም በጀርባዬ።

ጤነኛ ሰው ምን ያደርጋል? ታች ደርሶ በሚወጣው ይመለሳል። እኔ እዚያው ሽቅብ መራመድ ጀመርኩ።

ኤስካሌተር ብዙውን ጊዜ በሰከንድ ግማሽ ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው። ሲያዩት ያንቀላፋ ይመስላል። የናቅኩትም ለዚያ ነው። ችግሩ፣ ለካ እኔም ስወጣ ከዚያ አልበልጥም። እኔ አንድ ደረጃ እወጣለሁ፣ እሱ አንድ ደረጃ ይወርዳል። ግድግዳው ላይ ጥርሷን የምታሳይ ሴት ፎቶ ተለጥፏል። ሃያ ሰከንድ ያህል ለፍቼ ዞር ስል፣ ያቺው ሴት ፊት ለፊቴ ትስቃለች።

በዚህ መሃል አንዲት እናት ዘንቢላቸውን ይዘው፣ ቀጥ ብለው ቆመው፣ ከላይ ወደ እኔ መጡ።

"ልጄ፣ ዕቃ ጠፋብህ?"

"አይ እማማ፣ እየወጣሁ ነው።"

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። "በርታ" ብለውኝ አለፉ።

ላብ በላብ ሆኛለሁ፣ ግን ድንገት የሆነ ነገር በራልኝ። ወደ ላይ ጮህኩ። "አየሽ! ስፒዴ ከፍተኛ ነው፣ ቬሎሲቲዬ ግን ዜሮ! ልዩነቱ ይሄ ነው!"

እውነቱን ለመናገር ኮራሁ።

ልጅቷ መደገፊያውን ተደግፋ ራሷን ነቀነቀች። "ተሳስተሃል ጋሼ! ከወለሉ አንጻር ካየንህ ቆመሃል። ስፒድህም ዜሮ፣ ቬሎሲቲህም ዜሮ። ከደረጃው አንጻር ካየንህ ሁለቱም ዜሮ አይደሉም። አንዱን ከደረጃው፣ ሌላውን ከወለሉ ለክተህ ልዩነት አገኘሁ አትልም!"

ሌላም ነገር ጨምራ ጮኸች። የራሴ ትንፋሽ ሸፍኖብኝ አልሰማኋትም።

ተሸነፍኩ። መራመዴን ሳቆም ራሱ ታች አወረደኝ። የሚወጣውን ፍለጋ በቀኝ በኩል ሄድኩ። ግድግዳ ግድግዳውን ይዤ ታጠፍኩ፣ እንደገና ታጠፍኩ፣ ስልኬን እያየሁ ሁለት ጊዜ ደግሞ ታጠፍኩ። ቀና ስል የሚወርደው ኤስካሌተር ሥር ቆሜያለሁ። ቅድም የረገጥኩት ቦታ ላይ። የሚወጣው በስተግራ፣ ከዓምዱ ጀርባ ነበር፤ አልፌው መጥቻለሁ።

ከላይ ሳቅ ሰማሁ። ያቺ ልጅ ሰዓት ይዛብኛለች!

"ሁለት ደቂቃ ፈጀብህ ጋሼ። ዙሪያውን 120 ሜትር እንበለው። አማካይ ስፒድህ በሰከንድ 1 ሜትር። የተነሳህበት ስለተመለስክ ዲስፕሌስመንትህ፣ ከመነሻህ እስከ መድረሻህ በቀጥታ ያለው ርቀት ከነአቅጣጫው፣ ዜሮ። ዜሮ ለ120 ሲካፈል ዜሮ። አማካይ ቬሎሲቲህ ዜሮ! አሁን ጥሩ ምሳሌ ሰጠኸኝ" ብላ ደብተሯ ላይ ጻፈች። ፈተናው ላይ ስሜን እንዳትጠቅስ ለምኛታለሁ።

"ይህን ሁሉ ስሄድ ዜሮ ነበርኩ?"

"በእያንዳንዱ ሰከንድማ አይደለም። እንዲያውም እርምጃህን ሳትጨምር ሳትቀንስ ጥጉ ጋ ስትታጠፍ ቬሎሲቲህ ተቀይሯል፤ አቅጣጫህ ተቀየረ ማለት ነው። ዜሮ የሆነው አማካዩ ነው።" ፊቴን ስታየው አዘነችልኝ መሰለኝ። "አይክፋህ ጋሼ። ምድርም ፀሐይን በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ እየዞረች፣ በዓመቱ እዚያው ምህዋሯ ላይ የተነሳችበት ናት።"

ምድርን ግን በሚወርድ ደረጃ ላይ ስትወጣ ያያት የለም።

በሚወጣው ኤስካሌተር፣ በሁለት እጄ መደገፊያውን ይዤ፣ አንደኛ ፎቅ ደረስኩ። ልጅቷ ገርሟት ታየኛለች።

"ለምን መጣህ?"

"እንዴት ለምን?"

"ባትሪው እኮ የሚሸጠው ታች ነው። ደረጃው ላይ ሆነህ ጮኼ ነግሬህ ነበር፤ እዚያው ጠብቀኝ ብዬ።"

አብረን ወረድን። ፎቶዋ ላይ ያለችውን ሴት ላለማየት ፊቴን አዞርኩ። እግሬን አላነቃነቅኩም። ዘንቢል የያዙት እናት ታች ወንበር ላይ አረፍ ብለው ነበር። ቀጥ ብዬ ቆሜ ስወርድ ሲያዩኝ ፊታቸው በራ።

"እንደሱ!" አሉኝ። "እንደሱ ነው እንጂ ልጄ።"