የምድጃን ጭስ ማውጫ ከውስጥ ማጽዳት፤ ከመዝጊያው ኋላ ያለው እርከን

የቤት ውስጥ ምድጃን ጭስ ማውጫ ስለማጽዳት ያነበብኳቸው መመሪያዎች በሙሉ የሚያትቱት ስለ ቱቦው ነው። ብሩሹ ምን ያህል ይስፋ፣ ዘንጉ እንዴት ይቀጠል፣ ጣራ ላይ መውጣት ይሻላል ወይስ ከታች መሥራት፣ ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ያስረዳሉ። ቱቦውን መጥረግ ግን ከሥራው ሁሉ ቀላሉ ነው። መከራው ያለው ከቱቦው ሥር፣ የጭሱን መንገድ ከሚከፍተውና ከሚዘጋው የብረት መዝጊያ ኋላ በተሠራው እርከን ላይ ነው፤ ስለ እርሱ ግን አስቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ዝግጅቱ ብዙ አያነጋግርም። እሳቱ ከጠፋ ቢያንስ 24 ሰዓት መቆየት አለበት፤ ከአመድ ሥር የተዳፈነ ረመጥ ከዚያም በላይ ሳይሞት ሊያድር ስለሚችል አመዱ የሚወጣው ክዳን ባለው የብረት ባልዲ ነው። የምድጃው አፍ በወፍራም ላስቲክ ይሸፈንና ዳር ዳሩ በፕላስተር ይታሸጋል፤ ለዘንጉ የምትበቃ ቀዳዳ ብቻ ትተዋለች። መነጽርና ደቃቅ ብናኝ የሚያጣራ ማስክ ግድ ናቸው። እንግሊዛዊው ሐኪም ፐርሲቫል ፖት የጭስ ማውጫ ጠራጊዎችን ካንሰር ከጥቀርሻ ጋር ያያያዘው እ.ኤ.አ. በ1775 ስለሆነ፣ ዛሬ አፍንጫውን በነጠላ ጨርቅ ሸፍኖ የሚገባ ሰው አላወቅሁም ሊል አይችልም።

ብሩሹ ከቱቦው የውስጥ ስፋት ጋር እኩል መሆን አለበት። ቱቦው ከሸክላ የተሠራ ከሆነ የሽቦ ብሩሽ፣ ከማይዝግ ብረት ከሆነ የፕላስቲክ ብሩሽ ይመረጣል። ዘንጎቹ እርስ በርስ በጥርስ የሚያያዙ ከሆኑ ምን ጊዜም መዞር ያለባቸው ወደሚጠብቁበት አቅጣጫ ብቻ ነው፤ ወደ ግራ የዞረ ዘንግ ተፈትቶ ብሩሹን እላይ ጥሎት ይመለሳል። ከዚህ ውጭ ሥራው ወደ ላይ መግፋትና ወደ ታች መሳብ ነው። ለጀማሪ ጣራ ላይ ወጥቶ ከመሥራት ከታች መሥራት እንደሚሻል አሁንም አምናለሁ፤ ጥቀርሻ ይታጠባል፣ የተሰበረ ወገብ ግን አይታጠብም።

አሁን ወደ እርከኑ ልምጣ። ብሩሹ የፋቀው ጥቀርሻ በሙሉ ወደ ምድጃው የሚወርድ ይመስላል፤ ሆኖም ብዙው የሚያርፈው ከመዝጊያው ኋላ ባለው ጠፍጣፋ ስፍራ ላይ ነው። ከታች ሆኖ በባትሪ ወደ ላይ የሚያይ ሰው መዝጊያው ራሱ ስለሚጋርደው ይህን ስፍራ ፈጽሞ አያየውም። ሥራውን ከመጀመሬ በፊት የመጣው የቁጥጥር ሠራተኛም እንዲሁ ጎንበስ ብሎ ባትሪውን ለአፍታ አብርቶ «ንጹሕ ነው» የሚል ወረቀት አስፈርሞኝ ሄዷል። መዝጊያውን ፈትቶ ማየት የሥራው አካል አለመሆኑን የነገረኝ ኋላ ስጠይቀው ነው። ሳይፈቱ በሚታየው ላይ ብቻ ተመሥርቶ ስለማይታየው ምስክርነት መስጠት ምን ዓይነት ቁጥጥር እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

መዝጊያውን የያዘው ፒን ከማጠፊያው ጋር አንድ ላይ ዝጎ ነበር። በመዶሻ ቢመታ የምድጃው ጡብ ስለሚሰነጠቅ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት እየቀቡ አሳድሮ መጠበቅ እንጂ ሌላ መላ የለውም። ፒኑ በመጨረሻ ሲወጣ መዝጊያው ከነጥቀርሻው ክንዴ ላይ ወደቀ። እጄን እስከ ትከሻዬ ባስገባው የነካሁት ብናኝ አልነበረም። የዝናብ ውኃ ለዓመታት ያቦካውና ሙቀት መልሶ ያደረቀው፣ ጭራሮ የተቀላቀለበት ድርቅ ያለ ክምር ነበር፤ ሽታውም የከረመ ሬንጅ ሽታ ነው። የአቧራ መጥመጫው ቱቦ እርከኑ ላይ ቢደርስም ክምሩን ሊነቀንቀው አልቻለም። አጭር እጀታ ባለው መፋቂያ፣ በጭፍን፣ እፍኝ በእፍኝ ነው ያወጣሁት፤ በእያንዳንዱ እፍኝም ንጹሕ ነው የሚለው ወረቀት ትዝ ይለኝ ነበር።

ከወጣው ውስጥ ስስና ጠርዛቸው የሾለ የሸክላ ስባሪዎች አገኘሁ። የሸክላ ስባሪ ከእርከኑ ላይ መገኘት ከላይ የቱቦው የውስጥ የሸክላ ሽፋን መሰንጠቁን ስለሚጠቁም ብሩሹን አስቀምጬ በካሜራ የሚመረምር ባለሙያ ጠራሁ፤ ስንጥቁም በካሜራው ታየ። ሳይቃጠል የሚያመልጠው የእንጨት ጭስ በቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ክሪዮሶት ይሆናል፤ ይህ ከተቀጣጠለ በቱቦው ውስጥ ያለው ሙቀት ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል። ሽፋኑ ከተሰነጠቀ ያ ሙቀት የሚደርሰው ከግድግዳው ኋላ ወዳለው እንጨት ነው። ስለዚህ ጥገናው እስኪያልቅ ምድጃው አልነደደም።

ባለሥልጣናት የሚሰጡት ምክር በየዓመቱ ሁሉንም ለባለሙያ ተዉት የሚል ነው። እኔ በግማሹ ብቻ እስማማለሁ። ምርመራው የባለሙያ ይሁን፤ መጥረጉን ግን ጤነኛ ሰው ሁሉ ሊሠራው ይችላል፣ የጥቀርሻው ውፍረት 3 ሚሊሜትር ሲደርስም ዓመት ሞላ አልሞላ ብሎ መጠበቅ አያስፈልግም። ጥቀርሻው እንደ መስተዋት የሚያብረቀርቅና በብሩሽ የማይነቀል ከሆነ ግን እኔም አልነካውም። ጭስ ማውጫ ያጸዳል ተብሎ እሳት ውስጥ የሚጨመረውን ኬሚካል የያዘ ግንድም አልመክርም፤ ክሪዮሶቱን አድርቆ ያረግፈዋል እንጂ አያወጣውም፣ የረገፈውም የሚከማቸው እዚያው እርከን ላይ ነው። ከ20 በመቶ በላይ እርጥበት ያለው እንጨት ማንደድ ከቀረ ግማሹ ሥራ ይቀራል።

ከጥገናው በኋላ የጭስ ማውጫው አናት ላይ ዝናብና ወፍ የማያስገባ ክዳን አስገጥሜያለሁ፤ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያም ተሰቅሏል። የመዝጊያው ፒን አሁን በእጅ የሚወጣ ነው። የሚቀጥለው የቁጥጥር ሠራተኛ ሲመጣ መዝጊያውን ፈትቶ እርከኑን እስኪያይ ወረቀቱን አልፈርምለትም።