ኤዲት ለማድረግ የሚሆን ርካሽ ቪዲዮ ካሜራ አመራረጥ

ቪዲዮ ካሜራ የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ ዙሙን አይቶ ዋጋውን ይጠይቃል። ቀርጾ እቤቱ ኤዲት ለሚያደርግ ሰው ግን ከሁለቱም የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ ካሜራው ምን ዓይነት ፋይል ያወጣል? የክርስትናው ወይም የመልሱ ቪዲዮ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ምስሉ የሚርገበገብ፣ ሰው እጁን ባነሳ ቁጥር ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የሚሰነጣጠቅ ከሆነ፣ ስህተቱ አብዛኛውን ጊዜ የተሠራው ካሜራው የተገዛ ዕለት ነው።

መጀመሪያ መብራቱን አስቡ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው፣ በሴኮንድ 50 ዙር ይመላለሳል ማለት ነው፤ ፍሎረሰንትና ብዙዎቹ ርካሽ ኤልኢዲ አምፖሎች በየዙሩ ሁለቴ፣ በሴኮንድ 100 ጊዜ ደመቅ ደብዘዝ ይላሉ። ዓይን አይለየውም፣ ካሜራ ግን ይለየዋል። ለአውሮፓ ገበያ የተሠራ ካሜራ በሴኮንድ 25 ወይም 50 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ስለሚቀርጽ ከመብራቱ ጋር እኩል ይሄዳል። ለአሜሪካ የተሠራው የሚቀርጸው በ30 ወይም በ60 ነው፤ አንዱ ፍሬም ብዙ ብርሃን ሲደርሰው ሌላው ትንሽ ይደርሰዋል፤ ስለዚህ አዳራሽ ውስጥ የተቀረጸው ይርገበገባል፣ ወይም ጠቆር ያለ ጥላ ይንሸራተትበታል። ይህን በኤዲቲንግ ማጥፋት እጅግ አድካሚ ነው፤ ሙሉ በሙሉም ላይጠፋ ይችላል።

ስለዚህ አሜሪካ ያለች አክስት ወይም ወንድም ካሜራ ልላክላችሁ ሲሉ አንድ ነገር አስጠይቁ፦ ሻተሩ (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) በእጅ ይስተካከላል ወይ? 1/100 ሴኮንድ ላይ ማሰር ከተቻለ መርገብገቡ ይጠፋል፤ ምስሉ ግን ጥቂት ይጨልማል። ከርካሾቹ ብዙዎቹ ይህን አይፈቅዱም፤ ከኤንቲኤስሲ (ከአሜሪካው የ30/60 ፍሬም ሥርዓት) ወደ ፓልም (ወደ አውሮፓው የ25/50) አይቀየሩም። ካነን ላይ ስሙ ራሱ ይናገራል፤ ለአሜሪካ የሚሸጡት ቪክሲያ፣ ለአውሮፓ የሚሸጡት ሌግሪያ ይባላሉ። አገር ቤት ለሚቀርጽ ሌግሪያው ይሻላል። ሳውዲ ሆኖ እዚያው ለሚቀርጽ ሰው ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ የሳውዲ ኤሌክትሪክ 60 ኸርዝ ነው።

ርካሽ ካምኮርደሮች (ለቪዲዮ ተብለው የተሠሩ ካሜራዎች) በብዛት የሚቀርጹት ኤቪሲኤችዲ በሚባለው ፎርማት ነው። ሶኒና ፓናሶኒክ በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጡት ነው፤ በ2011 ሙሉ ኤችዲ በሴኮንድ 50 እና 60 ፍሬም ተጨመረበት። ጣሪያው በሴኮንድ 28 ሜጋቢት ነው። 8 ቢት አንድ ባይት ስለሆነ 28ን ለ8 ብናካፍል 3.5 ሜጋባይት ይሆናል፤ በሰዓት 12.6 ጊጋባይት ማለት ነው። 64 ጊጋ ሚሞሪ 5 ሰዓት ገደማ ይይዛል። ክላስ 10 የተባለ ሚሞሪ ቢያንስ በሴኮንድ 10 ሜጋባይት ስለሚጽፍ ለዚህ ከበቂ በላይ ነው፤ ለ4ኬ (ከሙሉ ኤችዲ ለሚበልጥ የምስል ጥራት) የተሠራ ውድ ካርድ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው እውነተኛ ሚሞሪ ነው። ላዩ ላይ 128 ተጽፎበት ውስጡ 8 ጊጋ የሆነ ካርድ ገበያው ላይ ሞልቷል፤ እየቀረጸ ያለ ይመስላል፣ ፋይሉ ግን ኋላ አይከፈትም። ኤችቱቴስትደብሊው የሚባል ነጻ የዊንዶውስ ፕሮግራም ካርዱን እስከ አፉ ሞልቶ መልሶ በማንበብ ይፈትሻል። ሰዓታት ሊወስድ ይችላል፤ ቢሆንም ሳይፈተሽ ሰርግ ላይ አይወጣም።

ሜኑው ውስጥ 50አይ እና 50ፒ የሚሉ ምርጫዎች ካሉ 50ፒን ምረጡ፤ በሴኮንድ 50 ሙሉ ፍሬም ማለት ነው። 50አይ እያንዳንዱን ፍሬም በሁለት ግማሽ ከፍሎ፣ መስመር እየዘለለ ነው የሚቀርጸው፤ ለአሮጌ ቴሌቪዥን የታሰበ ነው። ኮምፒውተር ላይ እንቅስቃሴ ባለበት ሁሉ የማበጠሪያ ጥርስ የሚያወጣው እሱ ነው። 50ፒ የሌለው፣ 25ፒም የማይቀርጽ ካሜራ ከሆነ ርካሽነቱ አያታልላችሁ።

አሁን ብዙ ሰው ቪዲዮውን የሚያበላሽበት ቦታ፦ ኮፒ ማድረጉ። የኤቪሲኤችዲ ካሜራ ረጅም ቀረጻን 2 ወይም 4 ጊጋ ሲደርስ ይቆርጥና በሌላ ፋይል ይቀጥላል። ፕራይቬት የሚባለው ፎልደር ውስጥ ገብታችሁ ኤምቲኤስ የሚባሉትን የቪዲዮ ፋይሎች ብቻ መዛችሁ ካወጣችሁ፣ ሁለቱ የሚገናኙበት ላይ ድምፁ ለአፍታ ሊጠፋ ይችላል። ቅዳሴ ወይም ዘፈን ላይ ያች ቅጽበት ታስታውቃለች። ሚሞሪውን እንዳለ፣ ከነፎልደሮቹ፣ ወደ ሃርድ ዲስክ ገልብጡና የካሜራው አምራች ለካሜራው ባዘጋጀው ፕሮግራም አስገቡት፤ እሱ ቁርጥራጮቹን ያገጣጥማቸዋል። ኮፒው መከፈቱን ሳታዩ ሚሞሪውን ፎርማት አታድርጉ።

ስልክ እያለ ካምኮርደር ለምን ይገዛል ለሚል መልስ አለው። ስልክ ብዙ ጊዜ የፍሬም ቁጥሩን እንደ ብርሃኑና እንደ ሙቀቱ ስለሚለዋውጥ፣ አንድ ሰዓት ቀረጻ ኤዲቲንግ ላይ ሲገባ ድምፁ ቀስ በቀስ ከከንፈር ይርቃል። ካምኮርደር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት ፍሬም ይሰጣል፤ የኦፕቲካል ዙም (በሌንሱ የሚያቀርብ) አለው፤ ሁለት ሰዓትም ሳይቋረጥ ይቀርጻል።

ድምፅን አትርሱ፤ በቤት ቪዲዮ ላይ ከምስል በላይ የሚያሳዝነው እሱ ነው። ካሜራው ላይ ያለው ማይክ ከኋላ ያሉትን እንግዶች ወሬ ከሽማግሌው ምርቃት እኩል ይሰማል። 3.5 ሚሊሜትር የማይክ መሰኪያ ካለው፣ ክራባት ላይ የሚሰካ ማይክ ተገዝቶ ችግሩ ይፈታል። የሶኒ ኤችዲአር-ሲኤክስ405 ትንሽና ቀላል ነው፣ 30 እጥፍ ኦፕቲካል ዙም አለው፣ የማይክ መሰኪያ ግን የለውም። የካነን ሌግሪያ ኤችኤፍ አር806 አለው። የፓናሶኒክ ኤችሲ-ቪ770 ማይክም የጆሮ ማዳመጫም ይቀበላል፤ ሴንሰሩም (ብርሃን የሚቀበለው ክፍል) ከሲኤክስ405 ስለሚተልቅ ማታ ሳሎን ውስጥ የተሻለ ያያል። ያገለገለ ቪ770 በጥሩ ይዞታ ከተገኘ፣ ለእኔ ከአዲስ ሲኤክስ405 ይበልጣል።

4ኬ፣ 48 ሜጋፒክስል፣ 16 እጥፍ ዙም ተብሎ በትንሽ ዋጋ ከሚቀርብ ስም የለሽ ካሜራ ራቁ። ዙሙ ዲጂታል ነው፤ ምስሉን ቆርጦ ይለጥጠዋል። መለያው ቀላል ነው፦ ራቅ ብሎ የተለጠፈ ጽሑፍ ላይ ዙም ስታደርጉ ፊደሎቹ ይበልጥ የማይነበቡ ከሆነ ተዉት። ብዙዎቹ ፎከሳቸው አይንቀሳቀስም፤ 4ኬውም ትንሽ ምስል ተነፍቶ የተሠራ ነው።

ኮምፒውተሩም ድርሻ አለው። 8 ጊጋ ራም ያለው ላፕቶፕ 50ፒ ኤቪሲኤችዲን ይከፍታል፣ ኤዲት ላይ ግን ይንገታገታል። ሾትከት ወይም ኬደንላይቭ ነጻ ናቸው፤ ሁለቱም ፕሮክሲ የሚባል ነገር አላቸው። ፕሮክሲ ቀለል ያለ ቅጂ ሠርቶ በእሱ ያስቆርጣችኋል፣ በመጨረሻ ቪዲዮው ሲወጣ ግን ዋናውን ፋይል ይጠቀማል። የፕሮጀክቱን ፍሬም ከካሜራው ጋር አስማሙ፤ ለ50ፒ ቀረጻ 25 ወይም 50። በ60 የተቀረጸውን 25 ውስጥ ካስገባችሁት ካሜራው ወደ ጎን በዞረ ቁጥር ምስሉ ይንተፋተፋል።

ያገለገለ ስትገዙ የራሳችሁን ሚሞሪ ይዛችሁ ሂዱ። ሜኑውን ክፈቱ፤ ጃፓን ውስጥ ለሽያጭ ከወጡት መካከል ከጃፓንኛ በቀር ሌላ ቋንቋ የሌላቸው አሉ። ስክሪኑን ደጋግማችሁ ክፈቱ፣ ዝጉ፣ አዙሩ፤ ማጠፊያው ላይ ያለው ገመድ ከተጎዳ አንድ ቦታ ላይ ይጠፋል። ባትሪው አብጦ ከሆነ ከቦታው በቀላሉ አይወጣም። ከዚያ ሱቁ ውስጥ፣ በፍሎረሰንቱ ስር፣ 10 ደቂቃ ሳታቋርጡ ቅረጹ፤ ዙሙን እስከ ጥግ አድርሱት፣ ፎከሱ እስኪይዝ ጠብቁ፣ አንድ ሰው ከፊታችሁ እጁን እያወዛወዘ እንዲያልፍ አድርጉ። ሚሞሪውን ላፕቶፕ ላይ ከፍታችሁ እጁ ያለፈበትን ቦታ ፍሬም በፍሬም እዩት፤ ብሩን ከዚያ በኋላ ቁጠሩ።