ሹማን ሬዞናንስ ታየኝ፤ ትግሉ ግን ከነፋስ ጋር ነበር

ወዳጆች፣ ሹማን ሬዞናንስ፣ መብረቅ በምድር ዙሪያ የሚያስነሳው ደካማ የኤሌክትሮማግኔቲክ ሞገድ፣ በመጨረሻ ታየ! ዛሬ ጠዋት የሌሊቱን ቅጂ ከፍቼ ሳይ 7.8፣ 14 እና 20 ኸርዝ አካባቢ ሦስት ጉብታዎች ግራፉ ላይ ተደርድረዋል። ደስታዬን ለብቻዬ መያዝ አልቻልኩም። ደግሞ ለጀማሪ የሚሰጠው ምክር ብዙ ጊዜ ዋናውን ችግር ስለሚዘለው እሱን መጻፍ ፈለግኩ።

ለአዲስ ገቢዎች ባጭሩ ልበል። የምድር ወለልም አዮኖስፌርም (ከከባቢ አየሩ በላይኛው ክፍል ያለው፣ በኤሌክትሪክ የተሞላ ንብርብር) ኤሌክትሪክ ያስተላልፋሉ። በመካከላቸው ያለው አየር ግን አያስተላልፍም ማለት ይቻላል። ስለዚህ በጣም ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ያለው ሞገድ በሁለቱ መካከል ታስሮ ምድርን ይዞራል፤ ርዝመቱ ከምድር ዙሪያ ጋር ሲገጥም ራሱን እያጠናከረ ይበረታል፣ ሬዞናንስ የምንለውም ይህን ነው። የሞገዱ ምንጭ መብረቅ ነው፤ በዓለም ዙሪያ በየሰከንዱ በአማካይ 45 ገደማ ጊዜ ይበርቃል። የምድር ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር፣ የብርሃን ፍጥነት በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ነው። ፍጥነቱን ለዙሪያው ስታካፍሉት 7.5 ኸርዝ ይመጣል፤ ከእውነተኛው 7.8 ብዙም አይርቅም። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ቪንፍሪድ ኦቶ ሹማን እ.ኤ.አ. በ1952 ይህን በስሌት ተነበየ። በ1960 ደግሞ ባልዘርና ዋግነር የተባሉ ተመራማሪዎች በመሣሪያ ለክተው አሳዩት።

ስለ መሣሪያው ብዙ አልልም። ረጅም የፌራይት (መግነጢስን የሚሰበስብ ቁስ) ዘንግ፣ እላዩ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ በብዙ አስር ሺህ ዙር (ሁለቱ አንድ ላይ ኮይል ይባላሉ)፣ የራሱ ኖይዝ (ረብሻ) አነስተኛ የሆነ አምፕሊፋየር፣ ከዚያ ኮምፒውተር። ከኤሌክትሪክ መስመር በተቻላችሁ መጠን ራቁ። የቀረውን 50 ወይም 60 ኸርዝ ፊልተር ይቆርጠዋል።

ጊዜዬን የበላው ነፋስ ነው። ኮይሉ ሰላማዊ በሆነ ሌሊት ደህና ይሠራል፤ ትንሽ ነፈስ ሲል ከ20 ኸርዝ በታች ያለው ሁሉ ይደፈረሳል። ምክንያቱ ሲገባችሁ ትደነቃላችሁ። የምንፈልገው ምልክት አንድ ፒኮቴስላ ገደማ ነው (ቴስላ የመግነጢሳዊ መስክ መለኪያ ነው፤ ፒኮ የትሪሊዮን አንድኛ፣ ማይክሮ ደግሞ የሚሊዮን አንድኛ)። ኮይሉ የተቀመጠበት የምድር መግነጢሳዊ መስክ ግን ወደ 50 ማይክሮቴስላ ይሆናል፤ 50 ሚሊዮን እጥፍ ማለት ነው። ይህ መስክ ባለበት ስለሚቆም ኮይሉ አያየውም። ኮይሉ ራሱ ሲነቃነቅ ግን ያየዋል። አንድ ሜትር የሚረዝም ኮይል አንዱ ጫፉ በ20 ናኖሜትር ብቻ ቢወዛወዝ አንድ ፒኮቴስላ የሚያህል የውሸት ምልክት ሊፈጥር ይችላል። 20 ናኖሜትር! ዛፍ ሲወዛወዝ ሥሩ አፈሩን የሚያንቀሳቅሰው ከዚህ በላይ ነው።

ስለዚህ ኮይሉን ቅበሩት። ከዛፍም ከአጥርም ራቅ ብሎ፣ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ፣ ዙሪያው በደረቅ አሸዋ ተጠቅጥቆ። ስፖንጅ አድርጉበት የሚል ምክር በየቦታው ታገኛላችሁ፤ እኔ በፍጹም አልስማማም። ለስላሳ ነገር ላይ የተቀመጠ ከባድ ዘንግ በራሱ ጥቂት ኸርዝ ላይ ይወዛወዛል፤ ያ ደግሞ እኛ የምንፈልገው ቦታ ነው። ኮይሉ ከመሬቱ ጋር አንድ አካል መሆን አለበት። ገመዱም አይረሳ። አየር ላይ የተንጠለጠለ ገመድ ሲወዛወዝ ራሱ ምልክት ይፈጥራል። ሁለቱን ሽቦዎች እርስ በርስ ጠምዝዛችሁ እስከ አምፕሊፋየሩ ድረስ አፈር አልብሷቸው።

የምወደው መሣሪያ ደግሞ ጂኦፎን ነው፤ የመሬት ንዝረት የሚለካው ትንሽ ሴንሰር። ከኮይሉ ትንሽ ራቅ አድርጌ ቀበርኩትና ሁለቱን ባንድ ጊዜ መቅዳት ጀመርኩ። ሁለቱም ላይ አብሮ የሚታይ ጉብታ ንዝረት ነው፣ አለቀ። ኮይሉ ላይ ብቻ የቀረው ነው ተስፋ ያለው። ምልክቱ ደካማ ነው ሲባል ወዲያው «አምፕሊፋየሩን ጨምር» የሚሉ ሰዎች አሉ። ንዝረቱ እኮ አብሮ ይጨምራል! ገንዘባችሁን ጂኦፎን ላይ አውሉት።

ሌላ ማረጋገጫ አለ፤ ገንዘብም አይጠይቅም። የኤሌክትሪክ መስመር ረብሻ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ሁለት እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ እያለ ይሄዳል። ሹማን እንደዚያ አይደለም። ሁለተኛው 14.3 እንጂ 15.7 አይደለም፤ ሦስተኛውም 20.8 ገደማ ነው። ምድር ክብ ስለሆነች ነው እንዲህ የሚሆነው። ግራፌ ላይ ይህን አለመመጣጠን ሳይ ነው ልቤ ያረፈው።

ቅጂውን በ10 ሰከንድ ቆራርጣችሁ ስፔክትረሙን (በየፍሪኩዌንሲው ያለውን ኃይል) ስታሰሉ አማካይ ሳይሆን መካከለኛውን ዋጋ (ሚዲያን፤ በመጠን ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለውን) ውሰዱ። ቅርብ ቦታ የወደቀ አንድ መብረቅ አማካዩን ያበላሸዋል፣ መካከለኛውን ግን አይነካውም ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው ጉብታ 7.83 ኸርዝ ነው የሚለውን ቁጥርም አታምልኩት። ጉብታው ራሱ ሁለት ኸርዝ ያህል ሰፊ ነው፣ ጫፉም በቀን ውስጥ ወዲህ ወዲያ ይላል። ግራፉ ላይ ኃይሉ በዝቶ ነጭ ሆኖ የወጣ ሰዓት አይተው «የምድር ፍሪኩዌንሲ ጨመረ» የሚሉም አሉ። ቅርብ ያለ ነጎድጓድ ወይም ነፋስ እንዲህ ዓይነት ምስል ይሰጣል፤ መጀመሪያ እሱን አጣሩ።

እውነቱን ለመናገር አራተኛው፣ 27 ኸርዝ ላይ ያለው፣ እስካሁን አልታየኝም። ነፋስ በበረታበት ቀን ደግሞ ቅጂውን እንዳለ እጥለዋለሁ፤ የማዳኛ ዘዴ የለኝም። ኮይሌም አንድ ነው፣ ሰሜን-ደቡብ የተዘረጋ፤ ይበልጥ የሚሰማው ከምሥራቅና ከምዕራብ የሚመጣውን ነው። ሦስቱ ታላላቅ የመብረቅ ማዕከላት፣ ደቡብ ምሥራቅ እስያ፣ አፍሪካና አሜሪካ፣ በየተራ ከሰዓት በኋላቸው ላይ ያይላሉ፤ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ ሰዓት) 08:00፣ 15:00 እና 20:00 ገደማ። ይህን ተራ በራሴ ግራፍ ላይ ማየት በጣም እጓጓለሁ። የከባቢ አየር ተመራማሪው ኧርል ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ1992 የሹማን ሬዞናንስ የሐሩር አካባቢን የሙቀት ለውጥ ሊያሳይ እንደሚችል ከጻፈ ወዲህ ብዙ ተመራማሪዎች የሚከታተሉት ጉዳይ ነው። ከአንድ የተቀበረ ኮይል ያን ያህል መረጃ መውጣቱ ነው እኔን እዚህ ያቆየኝ።

ቀጣዩ ሥራዬ ምሥራቅ-ምዕራብ የሚዘረጋ ሁለተኛ ኮይል ነው። ሁለት ኮይል ጎን ለጎን የቀበራችሁ ካላችሁ፣ በመካከላቸው ምን ያህል ርቀት እንደተዋችሁ ጻፉልኝ።