ባዶ የተመለስኩበትን ቀንም እጽፋለሁ፦ የዓሣ ማጥመድ ትምህርቴ እስካሁን

አራት ኪሎ ተቀምጦ «ዓሣ አጥማጅ ነኝ» ማለት ሰው ያስቃል። ቅርባችን ያለው ውሃ የቀበና ወንዝ ነው፤ ቆሻሻነቱን ደግሞ ታውቁታላችሁ። መንጠቆ ለመጣል ቢያንስ ቢሾፍቱ ወይም ቆቃ፣ ጊዜ ከተገኘ ዝዋይ ወይም ሐዋሳ መውረድ ግድ ነው። ስለዚህ የኔ ትምህርት በአብዛኛው እዚሁ ከተማ ውስጥ ነው የሚካሄደው፤ በማንበብ፣ ከዓሣ ሻጮች ጋር በመጨዋወትና በማድ ቤት ጠረጴዛ ላይ። አብራችሁኝ ለጀመራችሁ የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

ስለ ዘንግና ስለ ክር ብዙ አልልም፤ ዩቲዩብ ሞልቶታል። ለቆሮሶ (ቲላፒያ) ትንሽ መንጠቆና ትል ይበቃል። አምባዛ (ካትፊሽ) ጠንካራ ክር ይፈልጋል፣ ሲመሽም ይሻላል። በቃ። እኔን የያዘኝ ሌላ ጥያቄ ነው፦ ሐይቅ ውስጥ ምን ያህል ዓሣ እንዳለ ሰው በምን ያውቃል?

ወርዶ የሚቆጥር የለም። ባለሙያዎቹ በዋናነት የሚያዩት ለተደከመው ድካም ስንት እንደተያዘ ነው፤ በአንድ መረብ፣ በአንድ ሌሊት ወይም በአንድ ሰዓት። በተመሳሳይ መረብና በተመሳሳይ ሰዓት የሚያዘው ከዓመት ዓመት ካነሰ ዓሣው እየተመናመነ ሊሆን ይችላል። ይህ ሲገባኝ ደብተር ገዛሁ። የምጽፈው ቀላል ነው፤ የት፣ ክሩ ስንት ሰዓት ገባ፣ ስንት ሰዓት ወጣ፣ ስንት መንጠቆ፣ ምን ተያዘ፣ ርዝመቱ ስንት። ባዶ እጄን የተመለስኩበት ቀንም ከነሰዓቱ ይጻፋል። ሰው የሚያወራው የቀናውን ቀን ብቻ ነው፤ ፌስቡክ ላይ ባዶ ባልዲ የሚለጥፍ አይቼ አላውቅም። በእንዲህ ዓይነት መዝገብ ከሄድን ሐይቁ ሁሌም የተትረፈረፈ ይመስላል።

አለካኩንም እንስማማ። አፉ ተዘግቶ፣ ከአፍንጫው ጫፍ እስከ ጅራቱ ጫፍ። ቆሮሶ ጅራቱ እንደ ሹካ ስላልተከፈለ ክርክር የለውም። ካርፕ የሚባለው ዓሣ ግን ጅራቱ የተከፈለ ነው፤ የለካችሁት እስከ ጫፉ ይሁን ጅራቱ እስከሚከፈልበት መሐል፣ ከቁጥሩ ጎን ጻፉ።

አሁን ወደምወደው ክፍል። በዓሣ ጭንቅላት ውስጥ፣ ከአንጎሉ ሥር፣ ድንጋይ የምትመስል የጆሮ አጥንት አለች። ዓሣው ሲያድግ እሷም ንብርብር እየጨመረች ታድጋለች፤ ዕድሜው የሚነበበው እዚያ ላይ ነው። ሰፈር ካሉ ዓሣ ሻጮች አንዷን የቆሮሶ ጭንቅላት ለብቻው እንዲያስቀምጡልኝ ለመንኳቸው።

«ለድመት ነው?»

«አይ እማማ፣ ዕድሜውን ላይ ነው።»

«ዕድሜውን አውቀህ ልትድረው ነው እንዴ ልጄ?»

ከሳቃቸው ጋር ጨምረው ሰጡኝ። ቤት ወስጄ የራስ ቅሉን ከላይ በቢላ ገለጥኩና በወረንጦ አወጣኋት። የምስር ክክ ታህላለች። ጥቁር ሳህን ላይ ውሃ ጠብ አድርጌ በማጉያ መነጽር ሳያት ነጣና ጠቆር ያሉ ቀለበቶች ታዩኝ። ጠርዟ ላይ በጣም ስለሚጠጋጉ በደንብ ለማንበብ በብርጭቆ ወረቀት መሳሳት አለባት፤ እሱን ገና እየተለማመድኩ ነው።

ነገሩ ግን በመቁጠር አያልቅም። በሐዋሳ ቆሮሶ ላይ የተሠራ ጥናት ይህ ዓሣ በዓመት ሁለት ቀለበት እንደሚያበጅ አሳይቷል። አራት ቀለበት ሁለት ዓመት ነው ማለት ነው። አንዱን እንደ አንድ ዓመት የቆጠረ ሰው ዓሣው በእጥፍ ያረጀ፣ ዕድገቱም በግማሽ የዘገየ ይመስለዋል። «ስንት ይጠመድ?» የሚለው ስሌትም አብሮ ይዛባል።

ሌላው የመራቢያ ወቅት ነው። ወንዱ ቆሮሶ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ላይ ጎድጓዳ ጎጆ ይቆፍራል። ሴቷ እንቁላሏን እዚያ ጥላ ወዲያው በአፏ ትለቅማለች፤ እስኪፈለፈሉም በአፏ ይዛ ትቆያለች። በዚያ ጊዜ እምብዛም ስለማትበላ መንጠቆ ብዙም አያገኛትም። ዳር ለዳር የሚጎተት መረብ ግን ጎጆውንም እሷንም አይምርም። ሐዋሳ ላይ መራባቱ የሚበረታው ከጥር እስከ መጋቢት፣ ከዚያም ከሐምሌ እስከ መስከረም አካባቢ ነው። የመጀመሪያው ከዐቢይ ጾም ጋር ገጠመ ማለት ነው። እኛ ከተማ ደግሞ ያኔ ዓሣ ጉላሽ፣ ዓሣ ዱለት፣ ዓሣ ኮተሌት ነው። (በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለአባቶች ልተወው።) ገበያው በጣም የሚፈልገው ዓሣው በሚራባበት ሰሞን ነው፤ በኔ ግምት ከመረብ ዓይን ስፋት (ትንሹ ዓሣ ማምለጥ አለማምለጡን ከሚወስነው ቀዳዳ) እኩል ሊያሳስበን የሚገባው ይሄ ነው።

ጣናን እዩ። እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ገባ። ባርበስ የሚባሉት የጣና ዓሦች ብዙዎቹ ለመራባት በክረምት እንደ ጉማራ ወዳሉ ወንዞች ይወጣሉ፤ አስጋሪው ደግሞ ወንዙ አፍ ላይ ይጠብቃቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ቁጥራቸው ክፉኛ አሽቆለቆለ። አብዛኞቹ ዝርያዎች ከጣና ሌላ የትም የሉም።

ሕጉ አለ። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 ነው፤ ክልሎችም የራሳቸውን ያወጣሉ። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት የአካባቢውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ጠይቁ፤ ቢሾፍቱ የተፈቀደ ሌላ ክልል ይፈቀዳል ብላችሁ አትመኑ።

አደንስ መሞከር ይቻላል ወይ ብላችሁ ለጠየቃችሁኝም ባጭሩ፦ እሱ የእሑድ መዝናኛ አይደለም። የዱር እንስሳት ሕጉ ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። ደጋ አጋዘን እንኳ የሚታደነው ለአደን በተከለለ ቦታ፣ በኮታ፣ ወንዱ ብቻ ነው። ዋልያና ቀይ ቀበሮ ጭራሽ አይነኩም። ሒሳቡ ግን ከዓሣው ብዙም አይርቅም፤ ስንት አለ፣ ስንት ይወለዳል፣ ስንት ቢነሳ አይጎዳም።

ቀጥሎ የማስበው የአንድ ሐይቅ ቆሮሶ በየወሩ እያገኘሁ ርዝመቱንና ቀለበቱን ጎን ለጎን መመዝገብ ነው። እዚህ ገበያ የሚገባው ግን ከየት እንደመጣ ሻጩም በእርግጠኝነት አያውቅም። ሐዋሳ ወይም ዝዋይ ዘመድ ያላችሁ ጭንቅላቱን በበረዶ አሽጋችሁ ብትልኩልኝ ውለታችሁን አልረሳም። የተያዘበትን ቀንና የሙሉውን ዓሣ ርዝመት ብቻ ወረቀት ላይ ጻፉልኝ።