እልልታው የት ላይ ነው? እናቴን ለንደን የሙዚቃ ቴአትር ይዤ በመሄድ የተማርኩት

እናቴ ከአዲስ አበባ ለንደን በመጣች በሁለተኛው ሳምንት ከአጎቴ ጋር ወደ አንድ የሙዚቃ ቴአትር ወሰድኳት። በመጀመሪያው ክፍል መገባደጃ ላይ ዋናዋ ተዋናይት አንዱን ቃል ወደ ላይ አውጥታ ለረጅም ጊዜ ከያዘችው በኋላ ድንገት ዝም አለች። ዘፈኑ ግን አላለቀም ነበር፤ በሹክሹክታ የምትባል አንዲት ስንኝ ቀርታ ነበር። በዚያች ዝምታ መሐል እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ እልልታዋን አቀለጠችው፤ አጎቴም «ጎሽ፣ የኔ ልጅ!» ብለው ተከተሉ። የፊተኛው ረድፍ በሙሉ ዞሮ አየን፤ ስንኟም ሳትሰማ ቀረች። በዕረፍቱ የአዳራሹ አስተናጋጅ መጥታ፣ ጎንበስ ብላ በትሕትና፣ ሌሎች ተመልካቾችን እንዳንረብሽ ጠየቀችኝ። ይህን ለእናቴ ስተረጉምላት ፊቷ ተለወጠ፤ ሁለተኛውን ክፍል እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ጨረሰች።

ሁለቱም ለቴአትር ባዳ አይደሉም። አጎቴ በወጣትነታቸው ፒያሳ የሚገኘው፣ በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ቴአትር ደንበኛ ነበሩ። ዘፋኝ ደስ ሲያሰኝ መድረክ ላይ ወጥቶ ግንባሩ ላይ ብር መለጠፍ ለእርሳቸው ማክበር ነው። አዝማሪ ቤትማ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም የሚሰጥ ሰው ከሌለ ጨዋታው ይቀዘቅዛል። እንዲህ ላደጉ ሰዎች «ዝም በሉ» ማለት «አትውደዱት» እንደ ማለት ነው። እኔም ብሆን ለንደን ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ኖሬ ሕጉን በደፈናው እንጂ ምክንያቱን አላውቀውም ነበር።

ስለዚህ ርካሹን የላይኛውን ሰገነት ትኬት እየገዛሁ፣ ከመድረኩ ይልቅ ተመልካቹን ለማየት ሁለት ጊዜ ብቻዬን ሄድኩ። እዚያ ሆኜ እንዳየሁት ሕዝቡ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ይስቃል፣ ያጨበጭባል፣ አንዳንዴም ያፏጫል፤ ነገር ግን ቦታውን ጠብቆ ነው። ዘፈኑ ሲያበቃ ኦርኬስትራው አንድ የመጨረሻ ምት ይመታል፣ መብራቱ ይለወጣል፣ ተዋናዩም በቆመበት አቋም ለጥቂት ሰከንድ ይደርቃል። ጭብጨባው የተጠራው ያኔ ነው፤ የሙዚቃ መሪውም ጭብጨባው እስኪበርድ ድረስ የሚቀጥለውን ዜማ ይዞ ይጠብቃል። በዕረፍት ሰዓት ወደ ታች ወርጄ ፊቴን ወደ ተመልካቹ ስመልስ ደግሞ፣ ከሰገነቱ ጠርዝ ላይ መሪውን የሚያሳዩ ትንንሽ ስክሪኖች ተሰቅለው አየሁ። ተዋንያኑ ወደ እኛ የሚያዩ እየመሰሉ የእርሱን እጅ ነው የሚከተሉት። ያለ ቦታው የገባ ድምፅ የሚያውከው ጎረቤትን ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ ይህን ካየሁ በኋላ ነው። እንደ ኮንሰርት ዘፈኑን ሁሉም በቃሉ የሚያውቀው ቢሆን እንኳ፣ በሙዚቃ ቴአትር ታሪኩ የሚሄደው በግጥሙ ላይ ስለሆነ፣ አንድ ስንኝ ያመለጠው ሰው ታሪኩም ያመልጠዋል።

እንግሊዞቹም ቢሆኑ በዚህ ጉዳይ አልተስማሙም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ማንችስተር ከተማ በፓላስ ቴአትር «ዘ ቦዲጋርድ» የተባለው የሙዚቃ ቴአትር በሚታይበት ምሽት፣ ከዋናዋ ተዋናይት ጋር በድምፃቸው እየተፎካከሩ መዝፈናቸውን አናቆምም ያሉ ተመልካቾች ትርኢቱን ማብቂያው ላይ አስቁመውት ፖሊስ እስከ መጠራት ደርሷል። ይህን ለእናቴ ስነግራት በጣም ተጽናናች።

ለሁለተኛው ሙከራ «ማማ ሚያ!»ን መረጥኩ፤ ለንደን ውስጥ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታይ፣ ዘፈኖቹ ለአጎቴም እንግዳ ያልሆኑ ነው። ከመሄዳችን በፊት በነበረው ምሽት ቡና እየጠጣን አስረዳኋቸው። ትርኢቱ ከምሽቱ 1:30 ስለሚጀምርና አርፍዶ የመጣ ሰው አመቺ ቦታ እስኪገኝ በር ላይ ስለሚቆም፣ ቀጠሯችንን 12:30 አደረግሁት፤ የሐበሻ ቀጠሮ ተጨምሮበት በሰዓቱ ደረስን። ስልክ ይዘጋል፣ ሰገነት ላይ ወደ ፊት ማዘንበል ከኋላ ያለውን ይጋርዳል አልኩ። ጭብጨባውን ግን በቃል ማስረዳት ስላልሆነልኝ ዘፈን ከፍቼ አለማመድኳቸው፤ አጎቴ የመጨረሻውን ምት ከእኔ ቀድመው ለዩት።

አዳራሹ ውስጥ ሁሉ ነገር እንዳሰብኩት ሄደ። አንድ ነገር ግን ረስቼ ነበር። ታሪኩ አልቆ ተዋንያኑ እጅ ከነሡ በኋላ፣ የሚያብረቀርቅ ልብስ ለብሰው እንደ ገና ሲዘፍኑ አዳራሹ በሙሉ ተነሥቶ ይጨፍራል። ክልክሉን ሁሉ ስዘረዝር የተፈቀደውን አልነገርኳቸውም። አጎቴ ሳይጠየቁ ተነሥተው ትከሻቸውን ማወዛወዝ ጀመሩ፤ እናቴ ግን እጇን አጣጥፋ እንደ ተቀመጠች ናት። «ተነሺ እንጂ እማዬ!» ብላት በጥርጣሬ አየችኝና «አስተናጋጇስ?» አለችኝ። አስተናጋጇ በሩ ሥር ቆማ ታጨበጭብ ነበር። እናቴ ይህን አይታ እስክትነሣ ዘፈኑ አለቀ፤ እልልታዋን ያሰማችው ኦልድዊች ጎዳና ላይ፣ አውቶቡስ ስንጠብቅ ነው።