ጎመን በጉርሻ

የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ ከወለሉ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ፣ ባሸው ባሸው ያልለቀቀ አረንጓዴ ነጥብ አለ። ቆስጣ ነው። ሚጣ በዓመት ከስምንት ወሯ የወረወረችው።

ከዚያ በፊት የሰጧትን የምትበላ ልጅ ነበረች። ስድስት ወር ሲሞላት የተፈጨ ካሮት በድንች ስንጀምርላት ሳህኑን ልሳ ነበር የምትመልሰው። ዓመት ተኩል ካለፋት በኋላ ግን አረንጓዴ ነገር ስታይ አፏን ግጥም አድርጋ መዝጋት አመጣች። በማንኪያ "አውሮፕላን መጣ" አልኩ፣ ስልክ ላይ ካርቱን ከፈትኩ፣ ለመንኩ፣ ተቆጣሁ። አማቴ ከደብረ ብርሃን ሊጠይቁን የመጡ ጊዜ ደግሞ "እኛ ስምንቱንም እየጋትን ነው ያሳደግነው" ብለው እጃቸውን ታጠቡ። አልከለከልኳቸውም፤ እግሯን የያዝኩት እኔ ነኝ። እሪ ብላ ሁሉንም አስመለሰችው። ከዚያ በኋላ ማንኪያ ገና ከሩቅ ስታይ ፊቷን ታዞር ጀመር።

ክብደቷን ላስመዝን ጤና ጣቢያ ስወስዳት ሲስተሯ ካርዷን አየችና "ልጅሽ ደህና ናት፤ ያልተረጋጋሽው አንቺ ነሽ" አለችኝ። ሕፃን በመጀመሪያው ዓመት የልደት ክብደቱን ሦስት እጥፍ ያደርሳል፤ በሁለተኛው ዓመት የሚጨምረው ግን ከ2 እስከ 2.5 ኪሎ ገደማ ነው። እድገቱ ሲረጋ የምግብ ፍላጎቱም አብሮ ይረጋል። በዚህ ዕድሜ የማያውቁትን ምግብ መጠራጠር የተለመደ ነው፤ አንዳንዱን አትክልት አሥርም አሥራ አምስትም ጊዜ ቀርቦላቸው ነው የሚቀምሱት። እኔ ሁለት ጊዜ ሞክሬ "አትወድም" ብዬ የተውኩት ስንት ነገር አለ! ቀጥላ "ወተትስ?" አለችኝ። ቆጠርኩ። ከምሳ በፊት ብቻ ሁለት ጡጦ፣ ጎረቤት የሚያቀብላት ብስኩት ሳይጨመር። በጠገበ ሆድ ጎመን ማን ይበላል? ወተቱን ቀነስኩና ከምግብ በኋላ አደረግኩት። ጠዋት በዳቦ የምትጠጣትን ሻይም አስቀረሁ፤ ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ሰውነት ከምግቡ የሚያገኘውን አይረን ይቀንሳል። እውነቱን ለመናገር የችግሩ ግማሽ እዚህ ጋ አለቀ።

የቀረውን ግማሽ በብልጠት እጨርሰዋለሁ ብዬ ዱባ ቀቅዬ፣ አድቅቄ ሽሮዋ ውስጥ ደበቅኩ። አራት ቀን ሠራ። በአምስተኛው ቀን ያልደቀቀ ጓል ምላሷ ላይ አገኘች። አውጥታ ገልብጣ አየችው፣ እኔንም አየችኝ። ከዚያ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሽሮ የሚባል ነገር በአፏ አልዞረም። ዱባ ላስለምድ ብዬ ሽሮዬን አጣሁ።

ቀይ ሥሩ የተሻለ ነበር፣ ምክንያቱም አልደበቅኩትም። ቀቅዬ ፈጭቼ ከዱቄት ጋር አቦካሁትና ቀይ ቂጣ ጋገርኩ፤ ሊጡን አብራኝ ዳመጠች፣ አፍንጫዋ ሳይቀር ቀላ። ሦስት ቁራጭ በላች። በማግስቱ ዳይፐሯን የፈቱት አማቴ ናቸው። "ኧረ ደም! ልጄን!" ሲሉ የሰማሁትን ጩኸት መቼም አልረሳውም። ጫማዬን እንኳ በትክክል ሳላደርግ በባጃጅ በረርን። ያቺው ሲስተር ገና ስታየን "ቀይ ሥር በልታለች እንዴ?" አለች። ቀለሙ በአንዳንድ ሰው ሆድ ሳይለወጥ ያልፋል፣ ሽንትንም ሰገራንም ያቀላል። የባጃጁ ሒሳብ ከቀይ ሥሩ በለጠ።

ጎመኑን ግን ያመጣው ጉርሻ ነው። የዓቢይ ጾም ነበር፤ እሷ ባትጾምም ገበታችን በየቀኑ ጎመን፣ ምስር፣ ድንች አልጫ ነው። አንድ ማታ ደክሞኝ ለሷ ለብቻ መሥራቱን ተውኩና ከትሪው ጎን አስቀመጥኳት። ማንም አላጎረሳትም፣ ማንም ብዪ አላላትም። ትንሽ ቆይታ እንጀራ ቆረሰች፣ ጎመኑ ላይ ጫነችና ለአባቷ ዘረጋች። ጎረሰና "እሰይ፣ እጅሽ ይባረክ!" አላት። ከዚያ ለአያቷ፣ ከዚያ ለኔ፤ ግማሹ ምንጣፉ ላይ ቀረ። በመጨረሻ ጣቷን ላሰች። ማንም ምንም አላለም። አባቷ ሊያጨበጭብ ሲል ጉልበቱን ቆነጠጥኩት።

አሁን እንደዚያው ነው የምንበላው። የጎመኑን ዘንግ አወጣለሁ፣ በጣም አደቅቃለሁ፣ በሽንኩርትና በዘይት አበስላለሁ፤ ከበርበሬው ቅመም በፊት ለሷ የሚሆነውን እቀንሳለሁ፣ ፍስክ ሲሆን በአይብ። በላዩ ሎሚ ጠብ አደርጋለሁ፤ ሎሚው በጎመንና በምስር ውስጥ ያለው አይረን በደንብ እንዲወሰድ ይረዳል። ካሮት በሁለት ጣት ሲጫኑት እስኪፈርስ ድረስ ይቀቀላል። ጥሬ ካሮት፣ ቆሎና ኦቾሎኒ ግን እቤታችን ለሷ አይሰጥም፤ ጉሮሮ ላይ ይሰነቀራል። በዚህስ ከአማቴ ጋር እስካሁን አልተስማማንም።

ጉሊትም አብራኝ ትወርዳለች። ሻጯ እትዬ ለምርቃት አንድ ካሮት ለሷ በእጇ ይሰጧታል። ያንን ካሮት አራት ፎቅ ሙሉ ማንም ሳይነካባት ይዛ ትወጣለች፤ ለብቻው ነው የሚቀቀለው፣ ከሌላው ከተቀላቀለ ታለቅሳለች።

ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆኗታል። ትናንት ቆስጣ በእንጀራ ጠቅልላ አጎረሰችኝ፣ ውጬ እስክጨርስ አፌን ከፍታ አየች። ራሷ አልቀመሰችም። በኔ ቆጠራ ቆስጣ ሲቀርብላት ዘጠነኛው ጊዜ ነው።