በወይራ ሰደፍ ላይ ናስ ሳለብስ የደረሰብኝ

ከአፈሙዙ ለሚጎርስ የጥንት ጠመንጃ አዲስ ሰደፍ ጠርቦ ብረትና ናስ ሊያለብስ ያሰበ ሰው ካለ፣ ለእኔ በጊዜው የነገረኝ አልነበረምና የደረሰብኝን ልጽፍለት ወደድሁ። እ.ኤ.አ. በ1841 በካፒቴን ሃሪስ የተመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ወደ አንኮበር ሲመጣ፣ ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ካቀረበው ገጸ በረከት አንዱ እንዲህ ያለ ጠመንጃ ነበር። ከአያቴ የወረስነውም የዚያው ዓይነት ነው። እሳት የሚገባበት ቀዳዳ ስለተደፈነ አይተኮስም፤ ሰደፉን ደግሞ ምስጥ ጨርሶት ነበር።

ደብረ ብርሃን ባለው ቤታችን ጣሪያ ሥር ሁለት ዓመት የደረቀ የወይራ ግንድ መርጬ በመጥረቢያና በመላጊያ ቅርጽ አስያዝሁት። የብረቱን ማረፊያ በመሮ ፈለፈልሁ፤ ቀለበቶቹንና የምላጩን መከለያ ያለ ችግር አስገባሁ። እስከዚህ ድረስ ትዕግሥት ያለው ሁሉ ይሠራዋል።

የሰደፉን ጫፍ የሚሸፍነውን ናስ ያዘጋጀሁት ከ3 ሚሊ ሜትር ዝርግ ነው። ናስ ሲቀጠቀጥ ስለሚጠነክር ሦስት ጊዜ ከሰል ላይ አግዬ አለሰለስሁት። ከእንጨቱ ጋር ለማገናኘት በኩራዝ ጥላሸት አጠቁሬ እጫነዋለሁ፤ ሳነሣው እንጨቱ ላይ ጥቁር ነጥብ የታተመበት ቦታ ብቻ ከፍ ያለ ነውና እሱን በመሮ እልጋለሁ። በአራተኛው ቀን ዙሪያው ፀጉር የማያሳልፍ ሆነ። ባቆም ኖሮ በዚያው ምሽት ማቆም ነበረብኝ፤ ነገር ግን ለየካቲት 23 የዓድዋ በዓል ላደርሰው ቸኩዬ ነበር።

በሙያው ዘንድ የታወቀ አንድ ምክር አለ፤ እንጨቱ ውስጥ የሚበሳው ቀዳዳ ከናሱ ቀዳዳ ጥቂት ወደ ውስጥ ይዘንበል፣ ብሎኑ ሲጠብቅ ናሱን ወደ እንጨቱ ይስበዋል ይባላል። እኔም ይህን ሰምቼ አዘነበልሁ። ፑንታዬ ቀጭን ነበር፤ ብሎኑን ሰም አልቀባሁትም፤ በዚያ ላይ የናስ ብሎን ነበር። ከግማሽ በኋላ እጄን እየተቃወመ መጣ። ያን ተቃውሞ አውቄው ነበር፤ ያም ሆኖ አንድ ዙር ጨመርሁ። ሰደፉ ጧ ብሎ አንድ ስንዝር ያህል በክሩ ተሰነጠቀ፤ የብሎኑም ራስ ተቆርጦ እጄ ላይ ቀረ። መብራት አጥፍቼ ተኛሁ፤ እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም።

በማግሥቱ ለአንድ አዛውንት አናጺ ባሳያቸው፣ ስንጥቁን በአውራ ጣታቸው ከዳር እስከ ዳር ዳሰሱና፣ «ልጄ፣ ወይራውን እኮ እንደ ዋንዛ አየኸው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ወይራ እንደ ዋንዛ ለስላሳ እንጨት አይደለም። በእሳቸው ምሪት የተቆረጠውን ብሎን ዙሪያውን ቦርቡሬ አወጣሁ፤ ቀዳዳውን በወይራ ቁራጭ ደፍኜ፣ ስንጥቁ ውስጥ ኮላ አስርጌ፣ በብስክሌት የውስጥ ላስቲክ ሁለት ቀን ጠፍሬ አቆየሁት። ስለዚህ ወይራ ላይ ቀዳዳውን አታዘንብሉ፤ ቀጥ አድርጋችሁ ብሱ። በመጀመሪያ ያንኑ ልክ የሆነ የብረት ብሎን ሰም ቀብታችሁ አስገቡና መንገዱን ያውጣ፤ ከዚያ አውጥታችሁ የናሱን በእጅ ኃይል ብቻ አጥብቁ።

ሌላው ያናደደኝ የወረቀት ነገር ነው። በቀበሌ ስጠይቅ እንጨት ብቻውን ፈቃድ አያስፈልገውም ተባልሁ፤ ሰደፉን ይዤ ወደ አንኮበር ስሄድ ግን ኬላ ላይ ግማሽ ቀን አስቆሙኝ። አያስፈልግም ቢሏችሁም ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ሳትይዙ ከቤት አትውጡ።

ናሱ ዛሬ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ባለፈው ሐምሌ እንጨቱ እርጥበት ስቦ አበጠና፣ በጥፍር የሚታወቅ ያህል ከናሱ ጠርዝ በላይ ወጣ። ላስተካክለው ብርጭቆ ወረቀት አንሥቼ ነበር፤ መልሼ አስቀመጥሁት። በኅዳር ራሱ ገባ።